የአምባሰል ብርቱካንና የሐይቅ ጎመን

ዘንድሮም ረመዳንና ሁዳዴ ገጠሙ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሐይቅ ከተማ ቀኑን ቀዝቀዝ ብሎ ይውላል። ምግብ ቤቱ መጋረጃውን ይጥላል፣ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ገበያው ላይ ፊቱ የሚበራው ቴምር ሻጩና ጎመን ሻጩ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ምስር ስለቅም የልጄ ሚስት ሐናን ስልኳን ይዛ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ሆዷ ገፍቷል፤ ለመቀመጥም ለመነሳትም ግድግዳ መደገፍ የሚያስፈልግበት ወር ላይ ናት። ስልኳ ላይ በአንድ በኩል ብርቱካን፣ በአንድ በኩል ጎመን ይታያል፤ ከሥራቸው ምን ምን እንደያዙ ተደርድሯል።

“እማ፣ ከብርቱካንና ከጎመን የቱ ነው የሚበልጠው?” አለችኝ።

“ለማን?” አልኋት።

ሐናን ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። የዛሬ ልጆች ሁሉን ነገር ማወዳደር ይወዳሉ፤ ስልኩም ሰልችቶት አያውቅም፣ ይመልስላቸዋል። እኔ ይህን ጥያቄ የማውቀው ከስልክ አይደለም። የእህቴ ዓይን ሲፈተንበት አይቻለሁ።

ጾሙ እንዲሁ የገጠመ ዓመት ነበር። እኔ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ጥሎኝ ቤት የተቀመጥሁ ልጃገረድ ነበርሁ። ታላቅ እህቴ ዘሃራ ከአምባሰል ወደ ሐይቅ ዳር ተድራ የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳለች። “ሥራ ከፈታሽ እህትሽን አግዢ” ተባልሁና አባቴ ብርቱካን የሞላልኝን የማዳበሪያ ከረጢት በጉልበቴ አቅፌ አይሱዙ ላይ ወጣሁ። የካቲት ነበር፤ መንገዱ አቧራ ብቻ ነው። ከከረጢቱ የሚወጣው ሽታ ግን አፍንጫዬን ሐይቅ እስክደርስ አልለቀቀውም።

አባታችን አምባሰል ቆላው ላይ፣ ወንዝ ዳር፣ ብርቱካን ያለማ ነበር። ዛሬ ዛፎቹ በበሽታ አልቀው ቦታው ጫት ሆኗል እንጂ ያኔ ያ ሸለቆ ሲያብብ ከሩቅ ይሸት ነበር። አባቴ ዘንድ ብርቱካን የማይፈታው ችግር የለም። ለጉንፋን ብርቱካን፣ ለአራስ ብርቱካን፣ ለለቅሶ ቤት ብርቱካን። ተጣልቶ የመጣ ሰው እንኳ መጀመሪያ ብርቱካን ይላጥለታል። እኛም ልጆቹ ይህንኑ ይዘን አደግን።

የዘሃራ አማቶች ደግሞ ጎመን አብቃይ ናቸው። ማሳቸው ከሐይቁ አፋፍ ላይ ስለሆነ በጋው ሲከር እንኳ ጎመናቸው አይጠወልግም። ሁለቱ ወገን በተገናኘ ቁጥር ጨዋታው አንድ ነው። የኛዎቹ “እናንተ ቅጠል ሽጣችሁ ነው የምትኖሩ” ሲሉ፣ እነሱ “ጎመን በጤና! ብርቱካናችሁ ልጣጩ ከተነሳ ምን ይቀረዋል?” ብለው ይመልሳሉ። እኔም ከአይሱዙው ስወርድ የአባቴን ወገን ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

የቤቱ እመቤት እትዬ ፋጡማ፣ የዘሃራ አማት፣ ቀጭንና ቀጥ ያሉ ሴት ነበሩ። ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ቤቱን ሁሉ ያንቀሳቅሱታል። የሰፈሩንም ሴት የሚያዋልዱ እሳቸው ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ኋላ እንዳይፈረድባቸው ይህን አስቀድሜ ልናገር። ዘሃራን “ነፍስ በሆድሽ ይዘሽ አትጾሚም፤ አላህ ራሱ ያላስገደደሽን እኔ አላስገድድሽም” ብለው ጾሙን ያስተዋት እሳቸው ናቸው። ብርቱካኑንም ከእጄ ተቀብለው “ይኼ የምራቴ ነው፤ ማንም ዝር እንዳይልበት” አሉና ጓዳ አኖሩት። የከለከሏት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎመን።

እርጉዝ ጎመን ከበላች ጎመኑ የልጁ ራስ ላይ ይለጠፋል ይባል ነበር። ሕፃኑ ሲወለድ አናቱ ላይ ነጭ፣ እንደ ቅባት ያለ ነገር ከታየ፣ “አላስቻላትም፣ በልታለች” ተብሎ የእናቲቱ ስም ይነሳል፤ ለሆዷ ብላ ልጇን ያቆሸሸች ትባላለች። እንግዲህ አስቡት፤ ቤቱ ከጓሮ እስከ ደጃፍ ጎመን ነው። ዘሃራ ትቀነጥሰዋለች፣ ታስረዋለች፣ ለገበያ ታሸክመዋለች። አትቀምሰውም።

በመጣሁ ሰሞን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከጓዳ ጠራችኝ።

“ሉባባ፣ ክንዴን ያዥኝ።”

“ምነው? አመመሽ?”

“ዝም ብለሽ ያዥኝ አልሁሽ።”

ዓይኗ ተከፍቷል፤ ግን የሚያርፈው እኔ ላይ ሳይሆን ከጎኔ ባለው ግድግዳ ላይ ነው። እጄን ፊቷ ላይ አወዛወዝሁ። አልጨፈነችም።

“ቀን ደህና ነኝ” አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ፀሐይ ስትገባ ግን ድስት እንደተከደነብኝ ነው የሚሆን።”

ዳፍንት እንደሚባል አውቅ ነበር። “ለሰይድ ነግረሽዋል?” አልኋት። ሰይድ ባሏ ነው።

“አንች ልጅ፣ አብደሻል? ዳፍንት በዘር ነው የሚሉ። ዕውር ዳሩልን ብለው ለአባቴ ይመልሱኛል። ዝም አይነቅዝም፤ አንችም ዝም በይ።”

ዝም ማለት ቀላል ቢሆን ጥሩ ነበር። ጭንቁ የዘሃራ ሥራ መሽቶ የሚጀምር መሆኑ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ጾመኛ ስለሆነ፣ መግሪብ አዛን ሲል ሾርባውን፣ አብሹንና ቂጣውን የምታቀርበው ያልጾመችው እሷ ናት። ዓይኗ ሲሄድ ሥራዋ ይመጣል።

ዘዴ አበጀን። እኔ ኩራዙን ይዤ ከፊቷ እሄዳለሁ፤ እየሄድሁም ወሬ አወራለሁ። ስለ ጫማ ካነሳሁ ደፉ ደርሷል ማለት ነው፤ ስለ ነፋስ ካወራሁ ወደ ግራ ትዞራለች፤ “አልሐምዱሊላህ” ስል ጎንበስ ብላ ታስቀምጣለች። ቤተሰቡ ውኃ ተጎንጭቶ ነፍሱ እስክትመለስ እኔ እለፈልፋለሁ። እትዬ ፋጡማ አንድ ቀን “ይቺን ልጅ ጾም አፏን አያደርቀውም እንዴ?” ሲሉ ሁሉም ሳቁ። እኔና ዘሃራም ሳቅን።

ከዚያ የመስጊዱ ሸኽ ለማፍጠር የተጠሩበት ቀን መጣ። ኩራዙ ጋዝ ጨርሶ ልሞላ ወጥቼ ዘገየሁ። አዛኑ ሲሰማ እየሮጥሁ ስመለስ፣ ዘሃራ የፈላውን የሾርባ ድስት በጨርቅ ይዛ ብቻዋን ከጓዳ ወጥታለች። ሰይድ ምንጣፉ ጫፍ ላይ እግሩን ዘርግቷል። ሸኹ ከአጠገቡ ናቸው። እሷ እግሯን እየሳበች፣ ፊቷን ቀና አድርጋ፣ በቀጥታ ወደነሱ ትመጣለች።

“ጫማ!” ብዬ ጮህሁ።

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ዘሃራ ቀጥ ብላ ቆመች። ሾርባው ከድስቱ አፍ ዘሎ እጇ ላይ ፈሰሰ፤ ከንፈሯን ነከሰች እንጂ ድምፅ አላወጣችም። ሮጬ ድስቱን ተቀበልኋት።

“የማን ጫማ?” አሉ እትዬ ፋጡማ፣ ቀስ ብለው። መሬቱ ላይ ምንም ጫማ አልነበረም።

“የወደቀ መስሎኝ ነው” አልሁ። አይተው አይተው ተዉኝ።

በማግስቱ ገበያ እሄዳለሁ ብዬ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ዘሃራ ራሷ ብትሄድ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ይገባል። በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር ጎልማሳ፣ የደከመው ሰው ነበር። ስለ አንዲት ነፍሰ ጡር ዘመዴ ብዬ ዳፍንቱን ነገርሁት።

“ምን ትበላለች?” አለኝ።

“ብርቱካን!” አልሁ በኩራት። “በየቀኑ ነው የምትበላው። ከአምባሰል፣ የአባቴ ነው።”

“ብርቱካን ደግ ነው። ለድድ፣ ለቁስል ይረዳል። ለዳፍንት ግን ከቁጥር አይገባም።” አባቴን የሰደበብኝ መሰለኝ። “ላም አላችሁ? ወተት?”

“ነጥፋለች።”

“እንግዲያ ጎመን ትብላ። አረንጓዴውን ያበሻ ጎመን፣ ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ብሎበት፣ በየቀኑ። ብርቱካኑንም አትተው፤ ጎመኑ ለደሟ እንዲሆን ያግዛል።”

“እንክብል የለም?”

“አለ። ግን እሱ ኃይለኛ ነው፤ ለነፍሰ ጡር ደፍሬ አልሰጥም፣ ፅንሱን ይጎዳል። በምግብ ነው መመለስ ያለበት። ከዘገየ ደግሞ ዓይኑ ይደርቃል፤ ከደረቀ ቀኑም ይጨልምባታል።” ከዚያ ቀና ብሎ “ጎመን ታገኛለች?” አለኝ።

ከጎመን መሃል እየዋለች ጎመን እንዳጣች እንዴት ብዬ ልንገረው?

ከእትዬ ፋጡማ ጋር አጥር የሚጋሩት እትዬ አበበች ናቸው፤ ክርስቲያን ናቸው፣ ሁዳዴ ላይ ናቸው። ሁዳዴ ደግሞ ያለ ጎመን አይገፋም። ጎመኑን የሚገዙትም ከእትዬ ፋጡማ ነበር። በአጥሩ ሽንቁር ገብቼ ሁሉንም ነገርኋቸው።

“ከፋጡማ ጋር ስንት ዘመን ኖሬ አሁን ልጣላ ነው?” አሉ። ጎመኑን መክተፍ አላቆሙም። ከዚያ ግን ተነሱና ከቆጡ ላይ አንድ ድስት አወረዱ። “ይኼ የእናንተ ነው፤ ሥጋ አልነካውም። ነገ ረፋድ ላይ አምጭያት። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፤ ድስቱ ግን ይጣዳል።” በእኛ አገር ክርስቲያኑ ለእስላም ጎረቤቱ፣ እስላሙም ለክርስቲያኑ ለብቻው ዕቃ ማኖሩ የቆየ ነው። የሠርግና የለቅሶ ዕቃ ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ምሥጢር ሲወርድ ግን ያን ቀን አየሁ።

ዘሃራ የመጀመሪያውን ጉርሻ አፏ ውስጥ ይዛ አልውጥ አለች። እንባዋ ይወርዳል።

“ቢለጠፍበትስ?” አለችኝ።

“ዓይንሽ ቢጠፋስ?”

“ዓይኔ የኔ ነው። አናቱ ግን የልጄ ነው።”

እሷም እኮ የዚያው አገር ልጅ ናት፤ የሚከለክላት አማቷ ብቻ አልነበሩም። የመለሱላት እትዬ አበበች ናቸው። “ልጅት” አሏት፣ “ማታ ሲያለቅስ አልጋው ላይ ይሁን እሳቱ ዳር በምን ታውቂያለሽ?” ዘሃራ ዓይኗን ጨፍና ዋጠች።

ከዚያ በኋላ በየረፋዱ በአጥሩ ሽንቁር እንመላለስ ነበር። እኔ ውጭ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ እሷ እየፈራች ትበላለች። ስትጨርስ ብርቱካን እልጥላታለሁ፤ የጎመኑን ሽታ ከአፏ እንዲያጠፋ። አባቴ ብርቱካኑ በዘሃራ አማቶች ጎመን ላይ መጋረጃ መሆኑን ቢያውቅ ምን ይል ይሆን እያልሁ አንዳንዴ ለብቻዬ እስቃለሁ። የማታው ጭንቀት ግን እንዳለ ነበር። እኔ ኩራዝ ይዤ ስለ ጫማና ስለ ነፋስ እቀባጥራለሁ፣ እሷ በድምፄ ትሄዳለች፣ እትዬ ፋጡማም ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለታችንንም በዓይናቸው ይከተሉናል። ይበላል፣ ይበላል፣ ለውጥ የለም። ድሬሰሩ ዋሽቶኝ ይሆን ብዬ መጠርጠር ጀምሬ ነበር።

ጾሙ ሊፈታ ሲል ሰፈሩ ሁሉ ጨረቃ ለማየት አፋፉ ላይ ወጣ። ፀሐይ ገብታለች፣ ሰማዩ ጥግ ላይ ገና ቀይ ነው። እኔ የዘሃራን ክንድ ይዤ ቆሜያለሁ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ይፈልጋሉ። አንዱ “የለችም” ሲል፣ ሌላው “ቆይ እስቲ” ሲል፣ ክንዷ ከእጄ አመለጠ።

“ያቻት!” አለች ዘሃራ፣ በጣቷ እያሳየች። “ያቻት፣ ከዛፉ በላይ! ያረቢ፣ ትታየኛለች!”

እውነትም ነበረች፤ ቀጭን፣ እንደ ጥፍር። ሰው ሁሉ ተክቢራ ሲያሰማ እሷ ግን ጨረቃዋን ትታ የሰዉን ፊት እያየች ታለቅስ ጀመር። “እሜቴ፣ እርስዎም ይታዩኛል! ኩራዝ ሳይበራ ሁላችሁም ትታዩኛላችሁ!” አለች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

እትዬ ፋጡማ ተክቢራቸውን አቋረጡ። “ከመቼ ወዲህ ነው የማንታይሽ?” አሏት።

ቤት አስገቡንና በሩን ዘጉ። ዘሃራ ሁሉንም ተናገረች፤ ዳፍንቱን፣ ሾርባውን፣ ጎመኑን። ጎመን ስትል እትዬ ፋጡማ መደቡ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ዘርግተው አዩት።

“በዚህ እጄ ስንት ልጅ ተቀብያለሁ” አሉ። “ተለጥፎበት የሚመጣውን አውቀዋለሁ። ሲወለድ አገሩ ነው መጥቶ የሚያየው። ‘ጎመን ሻጯ ፋጡማ የገዛ ምራቷን መከልከል አቃታት’ ሲሉኝ ምን አፍ አለኝ? አልሸሽግሽም ዘሃራ፤ ነጭ ለጥፎ ከመጣ፣ ከአራስ ቤት ስትወጪ ወደ አባትሽ ትሄጃለሽ። ልጁ የኛ ነው፤ እዚሁ ይቀራል።”

ዒዱን እንደ ለቅሶ አከበርነው። የገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ ጎመኑን አልከለከሏትም፤ አልፈቀዱላትምም። ዘሃራ ወደ አጥሩ ስትሄድ ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ ያዞራሉ። ወሬው በየቤቱ ገባ። በልግ ዘነበ፣ ማሳው ጠገበ፣ ጎረቤቶች “እንዴት ናት?” እያሉ መጥተው የሚያዩት ሆዷን ነው። ዘሃራ አሁን ማታ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች፤ እንቅልፍ ግን የላትም። ከጎኗ ስተኛ እጇ ሆዷ ላይ ይንቀሳቀሳል፤ የልጇን አናት በውጭ በኩል ልትጠርግ የምትሞክር ይመስል ነበር።

ምጧ የያዛት ረፋድ ላይ ነው። ዱበርቲዎቹ፣ ለምጥ ዱዓ የሚያደርጉት ትልልቅ ሴቶች፣ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጠው ይለምናሉ። ከእነሱ ኋላ ወሬ የጠራው የሰፈር ሴት ሁሉ አለ። እኔ ሙቅ ውኃ ይዤ ከእትዬ ፋጡማ ጋር ውስጥ ነበርሁ። እኩለ ቀን ላይ ሕፃኗ መጣች፤ ሴት። ወዲያው ጮኸች።

ነጭ ነበረች። አናቷ፣ ጆሮዋ፣ እስከ ትከሻዋ ድረስ ነጭ ቅባት ለብሳለች።

“ራሱ ላይ ምን አለ?” አለች ዘሃራ፣ ቀና ለማለት እየታገለች። “እሜቴ፣ በአላህ ይንገሩኝ፣ ምን አለበት?”

ከመጋረጃው ወዲያ ዱዓው ቆመ። “ፋጡማ! ንጹህ ነው?” አለች አንዷ።

እትዬ ፋጡማ ሕፃኗን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ሻሻቸውን ከራሳቸው ላይ ሳብ አደረጉና ሙቅ ውኃዬ ውስጥ ነክረው የሕፃኗን አናት ጠረጉ፤ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ፣ ከጆሮዋ ኋላ፣ በየእጥፋቱ። ሻሹን ጠቅልለው ጉያቸው ሸጎጡት።

“ንጹህ ናት!” አሉ ጮክ ብለው። “ምን ቆማችሁ? እልል በሉ እንጂ!”

በዚያው ሰሞን ሐይቁ ዳር ያንኑ ሻሽ ሲያጥቡ አገኘኋቸው። ልጅ ነበርሁ፤ ጥያቄ አልመርጥም። “ለምን ዋሹ?” አልኋቸው።

ማሸታቸውን ሳያቆሙ መለሱልኝ። “ሰይድን ስወልድ ተለጥፎበት መጣ። አማቴ ‘በልተሻል’ አሉኝ። ወላሂ አልበላሁም! ጎመን ማሳ ውስጥ እየዋልሁ፣ እየጎመጀሁ፣ አልበላሁም። ከሱ በኋላ የወለድኋቸውም ሁሉ ነበረባቸው። ማን ያምነኛል ብዬ ዝም አልሁ። ኋላ አዋላጅ ሆንሁ፤ ሴቶቹ ‘አልበላሁም’ ሲሉኝ እኔም አላመንኋቸውም። ራሴን እያወቅሁ፣ አንዷንም አላመንኋት።” ሻሹን ጨመቁት። “ይህን ለማንም አትንገሪ።”

በሕይወት እስካሉ አልነገርሁም። እኔም በኋላ እዚሁ ሐይቅ ተዳርሁ፤ ቀብራቸው ላይ ዘሃራ ከገዛ ልጆቻቸው አብልጣ አለቀሰች።

ይህን ሁሉ ለሐናን ስነግራት ምስሩ ተለቅሞ አለቀ። ስጨርስ “እንግዲያ ጎመን ይበልጣል ማለት ነው” ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብርቱካን ለሱ ሥራ፣ ጎመን ለሱ ሥራ ነው፤ የተከለከለ ምግብ ግን የቱንም ያህል ቢበልጥ ለማንም አይጠቅምም ልላት ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ስልኳን አጥፍታ አንገቷን ደፋች።

“እማ” አለች፣ “እናቴ ከደሴ ደውላ ጎመን እንዳትነኪ ብላኛለች። ትናንት ግን ጎረቤት ቤት በላሁ። አላስቻላትም ይላሉ ብዬ እርስዎን ፈርቼ…”

እኔን! ምስሩ ያለበትን ሰፌድ አስቀመጥሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ያን ቤት ያሰብሁት በዘሃራ በኩል ቆሜ ነበር፤ ለዚች ልጅ ግን እትዬ ፋጡማ እኔ ነኝ። አማት መሆኔን ረስቼው ኖሯል። ደነገጥሁ፣ አፈርሁም።

“ልጅሽ አናቱ ላይ ነጭ ነገር ይኖረዋል” አልኋት። “ብትበይም ባትበይም ይኖረዋል። ባልሽም ነበረበት፣ እኔም ነበረብኝ፣ አንችም። የሰው ልጅ ሁሉ እሱን ለብሶ ነው የሚወለድ።” ይህን ስል ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ ከአጥሩ ወዲያ ልብስ የሚያሰጡት ሴቶችም እንዲሰሙ።